አትንኩኝ

ራምላ፣ ከሲሚንቶው ፋብሪካ ጀርባ፣
ሌሊቱን የምጠብቀው አንድ ገደል አለ፤
ድማሚት የቀደደው ነጭ ድንጋይ፣
ጅብ እንደ ገመጠው ጥጃ ጎኑ የጎደለ።

ከገደሉ ሥር ዋሻ፣ በዋሻው አፍ የብረት በር፤
ቁልፉ ተመራማሪዎቹ ዘንድ ነው፣ እኔ ዘንድ አይደለም።
የእኔ ሥራ መቆለፉን ማየት ነው፤
የትርፍ ሰዓት እንኳ አይከፈለኝም።

በውስጡ ሐይቅ አለ ይላሉ፤
ፀሐይ የማያውቀው፣ ዝናብ የማይደርሰው፣
ከምድር ሆድ በወጣ ሙቀት ለብ ያለ።
በሐይቁም ውስጥ ሽሪምፕ፣ የጣቴን አንጓ የምታህል።
ዓይን የላትም። መቼም አላስፈለጋት።
ድኝ በልቶ ከሚያድር ዝቃጭ እየለቀመች
ሰው የሚባል ሳይፈጠር ኖራለች።
(ክንፍና ቅርፊት ስለሌላት ለእኛ አትበላም፤
እሷም ይህን ሕግ ሰምታ አታውቅም።)

ልጄ ያርዴና ሬሖቮት ነው የምትሠራው፤
ከራስ ፀጉሯ እስከ እግሯ በነጭ ተጀቡና፣
ከዓይኗ በቀር ሰው መሆኗ አይታይም።
ስምንት ዓመት ተጉዞ ጁፒተር ለሚደርስ መርከብ
ጡጫ የምታህል መሣሪያ ታጥባለች፤
አጥባ ትጠርጋለች፣ ጠርጋ ታጥባለች፣
ደግሞ ምድጃ ውስጥ ትከታታለች።

«አባዬ፣ ጨረቃዋ በረዶ ለብሳለች፤
ውፍረቱ ካንተ ቤት እኔ ሥራ ደርሶ መልስ ያህል።
ከሥሩ ባሕር አለ፣ ጨዋማ፣ በውስጡም ምናልባት...»
እዚህ ላይ ሁልጊዜ ትቆማለች።
ምናልባት የምትለዋን ቃል
እስከ አፉ እንደ ሞላ ብርጭቆ ነው የምትይዛት።

«ታዲያ ይህ ሁሉ እጥበት ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንዲት ተሕዋስ ብሎን ሥር ተደብቃ ብትሄድ፣
ስምንት ዓመት ተጉዘን የገዛ እድፋችንን አግኝተን
ሕይወት ብለን እልል እንላለን።
ሲከፋም እዚያ የሚኖረውን እንገድላለን።
መርከቧ ራሷ ነዳጇ ሊያልቅ ሲል
ሕይወት የማይጠበቅበት ድንጋይ ላይ ትከሰከሳለች፤
ባሕር ያላት ላይ እንዳትወድቅ።»

ሳቅሁ። ልጄ ተቀየመች።
በእሷ አልነበረም የሳቅሁት።

እናቴ፣ ወገራ፣ ከገበያ ስትመለስ
ወንዝ ወርዳ ከነልብሷ ሳትነከር
ደጃችንን አትረግጥም ነበር።
ማሰሮ የገዛት ሰው ሳንቲሙን ውሃ ባለበት ቅል ይጥላል፤
እሷ ከውሃው ትለቅመዋለች።
አትንኩኝ አሉን ጎረቤቶቻችን፤
ስም መስሏቸው፣ ስድብ መስሎን።
ልጅ ሆኜ አፍሬበታለሁ።

እዚህ ደግሞ፣ ወታደር ሳለሁ፣
ክንዴን ዘርግቼ የሰጠሁት ደም
ለካ ሳይነግሩኝ ይደፉት ኖሯል።
ያን ቀን ገባኝ፣ አትንኩኝ ማለት
ከወዲያ ማዶ ሲሰማ እንዴት እንደሚያም።

ያርዴና ግን ሌላ ነገር ነው የምትለው።
ቃሉን እንደ ልብስ ገልብጣዋለች፣ ውስጡን ወደ ውጭ፦
አትንኩኝ አይደለም፤ አልንካችሁ።
ያላየሁሽ፣ መኖርሽን የማላውቅ፣
ባትኖሪም እንኳ የታጠብኩልሽ።

ያላዩትን መናፈቅስ ለቤታችን አዲስ አይደለም፤
አባቴ በስግድ ቀን ድንጋይ ተሸክሞ ተራራ ወጥቶ
አይቷት ወደማያውቃት ከተማ ፊቱን አዙሮ ይቆም ነበር።
ትቀበለኝ ሲል ሰምቻለሁ፤
ልጠንቀቅላት ሲል ግን አልሰማሁም።

እናቴ የልጄን ሥራ ብትሰማ ምን ትል ይሆን?
«ስንት ጊዜ ነከረችው?» ነው የምትለው።
ሌላ አትጠይቅም።

ዛሬ ጁፒተር በሞዲዒን በኩል ወጥቷል፤
የፋብሪካው መብራት አላሸነፈውም።
ባትሪዬን ይዤ ወደ ብረቱ በር ወረድሁ።
ከበሩ ሥር ጣት የማያስገባ ክፍተት አለ፤
ብርሃኑ በዚያ ሾልኮ ሲገባ አየሁት።
ለዓይነ ስውር ብርሃን ምኗ ነው?
ቢሆንም አጠፋሁት።
ቁልፉን በጨለማ ዳስሼ ተመለስሁ።

መዝገቡ ላይ፦ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ከሩብ።
ዝግ ነው።